ከናይሮቢ እስከ ቶሮንቶ፦ ርቀቱ ስንት ነው? ጉዞውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

እኔ እዚህ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ሒሳብና ሳይንስ አስተምራለሁ። የሪሴትልመንት ጉዳይ ያላቸው ተማሪዎቼም ሆኑ ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ «መምህር፣ ካናዳ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» የሚል። አንዱ አሥራ አራት ሰዓት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሁለት ቀን ነው ብሎ ይከራከራል። የሚገርመው ሁለቱም አልዋሹም። አንደኛው ትኬት ላይ የተጻፈውን መነሻና መድረሻ ሰዓት ቀንሶ ነው ያገኘው። ሌላው ከካምፑ በር ጀምሮ ነው የቆጠረው።

ይሄ ነገር ቀላል ወሬ አይደለም። ሰዓቱን በደንብ ያልተረዳ ሰው ቀኑን ሊስት፣ መድኃኒቱን በተሳሳተ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እዚህ የቀረ ቤተሰቡም ያለ ምክንያት ሲጨነቅ ያድራል። ስለዚህ ከናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ እስከ ቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን መንገድ እንደ ምሳሌ ወስጄ፣ ርቀቱንም ሰዓቱንም አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ወደ ሌላ አገር የምትሄዱም ብትሆኑ ስሌቱ ያው ነው።

ርቀቱ

ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ 1.3 ዲግሪ ላይ ናት። ቶሮንቶ ደግሞ በሰሜን በኩል 43.7 ዲግሪ ላይ ነው። በምሥራቅና ምዕራብ አቆጣጠር በሁለቱ መካከል ወደ 116.6 ዲግሪ አለ። እነዚህን ቁጥሮች ይዘን መሬትን እንደ ኳስ ብናሰላ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ከመሬት መሃል ሲታይ 109.8 ዲግሪ ይሆናል። በመሬት ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፦

109.8 × 111.2 = 12,210 ኪ.ሜ ገደማ።

የመሬት ዙሪያ በሙሉ 40,000 ኪ.ሜ አካባቢ ነው። እንግዲህ ይሄ ጉዞ ከመሬት ዙሪያ ሲሶው ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው ማለት ነው።

በስልክ ስትፈልጉ አንዳንዴ 7,590 ማይል፣ አንዳንዴ ደግሞ 6,590 ኖቲካል ማይል የሚል ታገኛላችሁ። ግራ አይግባችሁ፣ ሁሉም አንድ ርቀት ነው። ማይል 1.609 ኪ.ሜ ነው። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ደግሞ 1.852 ኪ.ሜ ነው።

መንገዱ በየት በኩል ነው?

በክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዓለም ካርታ አይታችሁ ናይሮቢንና ቶሮንቶን በማስመሪያ ብታገናኙ፣ መስመሩ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል። ነገር ግን ካርታው ጠፍጣፋ ነው፣ መሬት ደግሞ ክብ ናት። እስቲ ኳስ ወይም ብርቱካን ውሰዱና ሁለት ነጥብ አድርጉበት፣ ከዚያ ክር ወጥራችሁ አገናኙት። ክሩ የሚያልፍበት ነው እውነተኛው አጭር መንገድ። በግሎብ ላይ ስታዩት ክሩ በደቡብ ሱዳንና በዳርፉር በኩል ሰሃራን ያቋርጣል፣ አልጄሪያን አልፎ በጊብራልታር አካባቢ ወጥቶ አትላንቲክን ይሻገራል። ካርታ ላይ ካሰባችሁት በጣም ወደ ሰሜን ያዘነብላል ማለት ነው።

ለዚህም ነው በአውሮፓ በኩል መሄድ ያን ያህል ዙሪያ ጥምጥም የማይሆነው። በአምስተርዳም በኩል ብትሄዱ፦

ከናይሮቢ እስከ አምስተርዳም፦ 6,680 ኪ.ሜ ገደማ
ከአምስተርዳም እስከ ቶሮንቶ፦ 5,990 ኪ.ሜ ገደማ
ድምር፦ 12,670 ኪ.ሜ ገደማ

ከቀጥታው የሚበልጠው በ460 ኪ.ሜ ብቻ ነው። በአየር ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

በአዲስ አበባ በኩል ያለውንም አስልቼዋለሁ። ከናይሮቢ ቦሌ 1,160 ኪ.ሜ፣ ከቦሌ ቶሮንቶ ደግሞ 11,500 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ ድምሩ 12,660 ኪ.ሜ ይሆናል። ከአምስተርዳሙ ጋር በሂሳብ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ካልኩሌተር ግን ሰው ከየት እንደተሰደደ አያውቅም። ከአገራችሁ ሸሽታችሁ የወጣችሁ ሆናችሁ ትኬታችሁ በአዲስ አበባ የሚያልፍ ከመሰላችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ጉዳያችሁን ለያዘው ሠራተኛ ከጉዞው ቀን አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሌላም ነገር አለ። አውሮፕላን ሁልጊዜ በክሩ መስመር አይሄድም። በሱዳን በኤፕሪል 2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ብዙ አየር መንገዶች የሱዳንን ሰማይ እየሸሹ በጎን ይዞራሉ። ስለዚህ ትክክለኛው የበረራ ርቀት እኔ ካሰላሁት መብለጡ አይቀርም።

አየር ላይ ስንት ሰዓት?

ትልልቅ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪ.ሜ አካባቢ ይበራሉ። አንድ ጎበዝ ተማሪ 12,210ን ለ900 አካፍሎ 13 ሰዓት ተኩል ነው ሊል ይችላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ጉዞው ግን እንደዚያ አይደለም። ለመነሳትና ለማረፍ ፍጥነት ይቀንሳል፣ መሬት ላይ ተራ መጠበቅ አለ፣ ነፋስም አለ። በተግባር ሲታይ፦

ናይሮቢ – አምስተርዳም፦ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ
አምስተርዳም – ቶሮንቶ፦ 8 ሰዓት ገደማ
አየር ላይ በድምሩ፦ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ

ነፋሱ እንዲህ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ ካናዳ ስትሄዱ አውሮፕላኑ በነፋሱ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሲመለስ ግን ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከአምስተርዳም ቶሮንቶ 8 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ፣ ከቶሮንቶ አምስተርዳም ሲሆን ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። የኬንያ አየር መንገድ በኦክቶበር 2018 የጀመረው ከናይሮቢ ኒውዮርክ ቀጥታ በረራም እንዲሁ ነው፤ ሲሄድ 15 ሰዓት፣ ሲመለስ 14 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የቦታ ከፍታም ለውጥ ያመጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ነዳጅ ጢም ብሎ የሞላ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን መሃል ላይ ለነዳጅ የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ የሚመጣው በዚህና በነፋሱ ምክንያት ነው።

ሦስት ሰዓቶች፣ አንድ ትኬት

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው በናይሮቢ ሰዓት ይጻፋል፣ መድረሻው ደግሞ በቶሮንቶ ሰዓት። ስለዚህ ሁለቱን እንዲሁ ቀንሶ የጉዞ ርዝመት ማግኘት አይቻልም።

አምስተርዳም ከናይሮቢ በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቶሮንቶ ደግሞ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። ቶሮንቶ ውስጥ በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጉታል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። ኬንያና ኢትዮጵያ ግን ሰዓት አይለውጡም።

በዚህ ላይ የእኛ የሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር አለ። ትኬቱ 8:00 ካለ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እዚህ በስዋሂሊም «ሳ ምቢሊ» የሚሉት ይሄንኑ ሰዓት ስለሆነ ከኬንያውያን ጋር በዚህ እንግባባለን። ትኬት ግን የሐበሻንም የስዋሂሊንም አያውቅም፤ እኩለ ሌሊትን ዜሮ ብሎ እስከ 24 ይቆጥራል። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ ትኬቱ ላይ ካለው ቁጥር 6 ቀንሱ፤ ከ12 በላይ ከቀረ ሌላ 12 ቀንሱ። ለምሳሌ 23:55 ሲቀነስ 6፣ 17:55 ይሆናል፤ 12 ሲቀነስ 5:55 ይመጣል። ከምሽቱ 5:55 ማለት ነው። ቁጥሩ ከ6 ካነሰ ደግሞ 6 ትደምራላችሁ፤ 4:30 ካለ ከሌሊቱ 10:30 ነው።

አንድ ሙሉ ምሳሌ

ለክፍል ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ የእናንተ ትኬት ሌላ ሰዓት ሊኖረው ይችላል። ወሩ ጃንዋሪ ይሁን።

ማክሰኞ 23:55፣ ከምሽቱ 5:55 ላይ ከናይሮቢ ትነሳላችሁ።

8 ሰዓት ተኩል ትበራላችሁ። በናይሮቢ ረቡዕ ከጠዋቱ 2:25 ነው፤ አምስተርዳም ግን 6:25፣ ማለትም ከጠዋቱ 12:25 ነው።

እዚያ 6 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። በ12:25፣ በእኛ ከቀኑ 6:25 ላይ ሌላ አውሮፕላን ትሳፈራላችሁ።

8 ሰዓት ትበራላችሁ። ቶሮንቶ ስትደርሱ እዚያ ረቡዕ 14:25፣ ከቀኑ 8:25 ነው። በዚያው ቅጽበት ካኩማ ውስጥ ረቡዕ ከምሽቱ 4:25 ሆኗል።

ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው ከ23:55 እስከ ማግስቱ 14:25 ድረስ 14 ሰዓት ተኩል ብሎ ይቆጥራል። የ8 ሰዓቱን ልዩነት ስትደምሩበት ግን እውነተኛው ጉዞ 22 ሰዓት ተኩል ነው። «አሥራ አራት ሰዓት ነው» የሚባለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኩለ ሌሊት ወጥመድ

ይሄን ክፍል እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች የሚነሱት ሌሊት ነው። ትኬታችሁ ላይ «ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15፣ 00:40» ተጽፏል እንበል። በእኛ አነጋገር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ፣ 00:40ን «የረቡዕ ሌሊት ከሌሊቱ 6:40» ነው የምንለው። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሐሙስ ገብቷል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ማታ ነው! «ሐሙስ ነው የተባለው» ብሎ ሐሙስ ማታ የሚዘጋጅ ሰው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው።

ስለዚህ ትኬት ወይም የጉዞ ወረቀት እንደደረሳችሁ ሦስት ነገር በአማርኛ ጻፉበት፦ ከቤት የምትወጡበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር፣ እና ከፊቱ «ማታ» ወይም «ጠዋት» የሚለውን ቃል። ከዚያ ለሠራተኛው አሳዩና «ልክ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ +1 ከተጻፈ ደግሞ የምትደርሱት ከተነሳችሁበት በሚቀጥለው ቀን ነው ማለት ነው።

ከካምፑ እስከ ናይሮቢ

ርቀቱ ከናይሮቢ ቢጀመርም የእኛ ጉዞ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከካኩማ እስከ ናይሮቢ በአየር 600 ኪ.ሜ ያህል ሲሆን፣ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በመኪና በሎድዋርና በኪታሌ በኩል ከ700 ኪ.ሜ በላይ ነው። ናይሮቢ ስትደርሱ ደግሞ ወዲያው አትሳፈሩም። በትራንዚት ማዕከል ማደር አለ፣ የመጨረሻ የጤና ምርመራ አለ፣ ገለጻም አለ። «ሁለት ቀን ነው» የሚለው ሰው ይሄን ሁሉ ቆጥሮ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይቆያል።

መድረሻችሁ ካልጋሪ ከሆነም ቶሮንቶ ላይ አላለቀም። ሌላ 2,690 ኪ.ሜ አለ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ይበራል። የካልጋሪ ሰዓትም ከቶሮንቶ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

እዚህ ለምትቀሩ

ልጃቸውን የሸኙ አንዲት እናት ስልኩ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እማማ፣ ዝግ መሆኑ ጤነኛ ነው! በምሳሌያችን መሠረት ማክሰኞ ማታ የተነሳ ሰው ቶሮንቶ የሚያርፈው በእኛ ረቡዕ ከምሽቱ 4:25 ነው። ካረፈ በኋላ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ወረቀት መፈረም፣ ሻንጣ መፈለግ አለ፤ ጥቂት ሰዓት ይሄዳል። የኬንያ ሲም ካርዱም እዚያ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከማክሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ ድምፅ ባትሰሙ ክፉ ነገር ሆነ ማለት አይደለም። ከመሄዱ በፊት የበረራውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስጽፉት። በዚያ ቁጥር ስልክ ያለው ሰው አውሮፕላኑ ማረፉን ሊያይላችሁ ይችላል።

በኋላም ለመደዋወል ይህን ያዙ፦ በክረምት እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ቶሮንቶ እኩለ ቀን፣ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትደውሉ ግን እዚያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነውና የደከመውን ሰው ትቀሰቅሱታላችሁ።

መድኃኒትና ሰውነት

መድኃኒት በየ12 ሰዓቱ የሚወስድ ሰው የግድግዳ ሰዓት እያየ መውሰድ የለበትም፤ በየአገሩ ይለያያላና። አንድ የእጅ ሰዓት በናይሮቢ ሰዓት ላይ ሳትነኩ ተዉት፣ እስክትደርሱ በእሱ ቁጠሩ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ በምርመራው ቀን «22 ሰዓት በሚፈጅ ጉዞ እንዴት ልውሰድ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒቱ በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን፤ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ ከገባ መንገድ ላይ አታገኙትም።

ውስጡ ያለው አየር ደረቅ ነው፣ ውኃ ጠጡ። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ተነስታችሁ ተራመዱ፣ እግር እንዳያብጥ። ሲነሳና ሲያርፍ ሕፃን ጡት ወይም ጡጦ ይያዝ፣ ጆሮው እንዳይታመም። ከፊታችሁ ባለው ስክሪን ላይ ካርታ ካለ ክፈቱት፣ የቀረውን ርቀትና ሰዓት ያሳያል። 35,000 ፊት የሚል ካያችሁ 10,670 ሜትር ያህል ነው፤ የራስ ዳሽን ከፍታ ሁለት እጥፍ እንኳ አይደርስበትም።

ወደ ሌላ ከተማ ለምትሄዱ

ከናይሮቢ በአጭሩ መንገድ፣ በዚሁ ስሌት ያገኘሁት ርቀት ይሄ ነው፦

ለንደን፦ 6,840 ኪ.ሜ
ስቶክሆልም፦ 6,980 ኪ.ሜ
ሜልቦርን፦ 11,480 ኪ.ሜ
ኒውዮርክ፦ 11,840 ኪ.ሜ
ዋሽንግተን፦ 12,190 ኪ.ሜ
ሚኒያፖሊስ፦ 13,150 ኪ.ሜ
ካልጋሪ፦ 13,850 ኪ.ሜ

ጠቅላላውን ጉዞ ለመገመት ርቀቱን ለ780 አካፍሉ፣ በዚያ ላይ ትራንዚት የምትጠብቁበትን ሰዓት ደምሩ። ብዙም አይሳሳትም።

በመጨረሻ፣ ከዚህ ሁሉ ኪሎ ሜትር ይልቅ የሚረዝመው መጠበቁ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኞች ቅበላውን ሲያቆም፣ ትኬት ተቆርጦላቸው የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጉዟቸው ተሰርዟል። ስለዚህ ቀን ተነገረን ብላችሁ ዕቃችሁን ሁሉ ሸጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አታስወጡ። ሪሴትልመንት በገንዘብ አይገዛም። «በረራህን ላስቀድምልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው። ቀኑ ሲደርስ ግን ሰዓቱን አስልታችሁ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ተዘጋጁ።

ትኬታችሁን ማንበብ ከከበዳችሁ በሰፈራችሁ ያለ ማንኛውም መምህር ያሰላላችኋል፣ ልጆቻችሁም ይችላሉ። መልካም መንገድ ለሚሄዱ፣ ብርታት ለምንጠብቅ።